ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተራችሁን ፈርምዌር እንዳያበላሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ላፕቶፕ የያዘ ሰው፣ ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ደጋግሞ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ፈርምዌር ምንድን ነው? ባዮስ የሚሉት እሱን ነው?

አዎ፣ በአብዛኛው እሱን ነው። ፈርምዌር ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ሶፍትዌር ነው። የፓወር ቁልፉን ስትጫኑ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ራሙን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ያዘጋጅና ስራውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ለዊንዶውስ ወይም ለሊነክስ ያስረክባል። የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን አይነት ነው የሚጠቀሙት። ሰው ግን አሁንም ባዮስ ነው የሚለው፤ እዚህም ባዮስ እንላለን።

ቺፑ ብዙ ጊዜ 8፣ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ውስጡ ግን ከፕሮግራሙ ሌላ ብዙ ነገር አለ። የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር አለ። ከየትኛው ዲስክ መነሳት እንዳለበት የሚናገር ማስታወሻ አለ። ፊርማ የሌለው ሲስተም እንዳይነሳ የሚያደርገው የሴኪዩር ቡት ቁልፎች አሉ። ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ዊንዶውስ ከፋብሪካ ተጭኖበት የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ፣ የላይሰንስ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ይህ ቺፕ ሲበላሽ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ፎርማት ካደረግኩት አይስተካከልም?

አይስተካከልም። ፎርማት የሚያጠፋው ዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ፈርምዌሩ ዲስኩ ላይ የለም። ላፕቶፕ በተንቀራፈፈ ቁጥር «ፎርማት አርገው» የሚለው ምክር ስለለመደብን፣ ባዮሱ ሲበላሽም ሰው ሶስት አራት ጊዜ ፎርማት ለማድረግ ሲታገል ይውላል። ትርፉ ፎቶና ዶክመንት ማጣት ነው። ስክሪኑ ላይ የአምራቹ አርማ እንኳን ካልመጣ፣ ወይም የባዮስ ሴቲንግ ቀይራችሁ ሪስታርት ስታደርጉ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ዲስኩን ተዉት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሶፍትዌር ብቻውን ኮምፒውተር ሊገድል ይችላል?

ይችላል፤ ደግሞም ደጋግሞ ሆኗል። በጣም የታወቀው ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ ነው። በ1998 ታይዋን ውስጥ የተጻፈ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ቀን ፈነዳ። ቀኑ የቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ ከደረሰበት ቀን ጋር ስለገጠመ ሰው ቼርኖቤል ብሎ ጠራው። ዊንዶውስ 95 እና 98 ላይ ነበር የሚሰራው። የዲስኩን መጀመሪያ ይደመስሳል። የማዘርቦርዱ አይነት ከተመቸው ደግሞ ባዮሱ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፍበታል። እንዲህ የሆነ ኮምፒውተር ቺፑ ካልተቀየረ ወይም እንደገና ካልተጻፈበት አይነሳም።

ሲአይኤች ሆን ተብሎ የተሰራ ክፋት ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን ማንም ክፉ ሳያስብ የደረሱት ናቸው። በ2003 ማንድሬክ ሊነክስ 9.2 አንዳንድ የኤልጂ ሲዲ ድራይቮችን ገደለ። ሊነክሱ የላከው መደበኛ ትዕዛዝ ነበር። ድራይቩ ግን ያንኑ ትዕዛዝ ፈርምዌር ለመቀየሪያ ነበር የሚያውቀው። በ2008 ገና በሙከራ ላይ የነበረ የሊነክስ ከርነል (የሲስተሙ ልብ የሆነው ክፍል) የአንዳንድ ኢንቴል ኔትወርክ ካርዶችን ፈርምዌር አበላሸ። በ2013 መጀመሪያ ደግሞ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊነክስ ከተነሳባቸው በኋላ ዳግም አልነሳ አሉ። መጀመሪያ የተወቀሰው ሊነክስ ነበር። ሲጣራ ግን የፈርምዌሩ የማስታወሻ ቦታ ከሞላ ላፕቶፑ መነሳት ያቅተው ነበር፤ ከዊንዶውስ ሆኖም ያንኑ ጉዳት ማድረስ ይቻል ነበር።

በ2016 ሌላ ተገኘ። ሊነክስ ላይ ሁሉንም ፋይል የሚያጠፋ ትዕዛዝ የሰጠ ሰው ዲስኩን ብቻ አልነበረም የሚያጣው። የባዮሱ ማስታወሻዎች እንደ ተራ ፋይል ተከፍተው ስለሚታዩ አብረው ይጠፋሉ፤ አንዳንድ ላፕቶፖችም በዚያው ቀሩ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ኡቡንቱ 17.10 የተባለውን ሊነክስ የጫኑ የሌኖቮ፣ የኤሰርና የቶሺባ ላፕቶፖች የባዮስ ሴቲንግ መያዝ አቃታቸው። ብዙዎቹም ከፍላሽ መነሳት አልቻሉም። ምክንያቱ የባዮሱን ቺፕ በቀጥታ የሚነካ አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ ከአንድ የኮምፒውተር ክፍል ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነበር። የኡቡንቱ ሰሪ ካኖኒካል ሲስተሙን ከማውረጃው አነሳው። ያንን ድራይቨር ዘግቶም ጃንዋሪ 12 ቀን 2018 እንደገና አወጣው።

ታዲያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባዮሱን እንዳይነካ ለምን ጭራሽ አይከለከልም?

ጭራሽ ቢከለከል ዊንዶውስ መጫን ራሱ ያስቸግራል። አዲስ ሲስተም ሲጫን «ከዚህ ዲስክ ተነሳ» የሚል ማስታወሻ ባዮሱ ውስጥ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ በመጠኑ ክፍት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የተቀመጠበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በደንብ በተሰራ ኮምፒውተር ላይ ባዮሱ ስራውን ለዊንዶውስ ከማስረከቡ በፊት ያንን ቦታ እንዳይጻፍበት ይዘጋዋል። አንዴ ከተዘጋ ኮምፒውተሩ ሪስታርት እስኪያደርግ አይከፈትም፤ አድሚን ብትሆኑም።

አፕዴት ሲመጣም ዊንዶውስ ፋይሉን ያቀርባል እንጂ ራሱ አይጽፍም። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል። ባዮሱ የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ ያጣራል፤ ትክክል ከሆነ ራሱ ይጽፋል። የባዮስ አፕዴት ሪስታርት ጠይቆ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚሰራው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይህን አሰራር የሚመክር ሰነድ ያወጣው ኤፕሪል 2011 ነው። ከዚያ በፊት የተሰሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ይህ ጥበቃ ይጎድላቸዋል።

በዚህ ላይ አቋሜ አንድ ነው። ተራ ትዕዛዝ ኮምፒውተር መግደል የለበትም። ከገደለ፣ ከሲስተሙ ሰሪ በፊት መጠየቅ ያለበት ባዮሱን ሳይዘጋ የሸጠው አምራች ነው። ተጠቃሚው «ምን ነክተህ ነው?» መባል የለበትም።

የኔ ላፕቶፕ መዘጋቱን እንዴት አውቃለሁ?

መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ነው። ሴኪዩሪቲ ወይም አፕዴት የሚል ክፍል ፈልጉ። ለቢሮ ተብለው በተሰሩ ላፕቶፖች ላይ ጠቃሚ ምርጫዎች አሉ። ኤችፒ «ሎክ ባዮስ ቨርዥን» የሚል አለው፤ ከበራ ባዮሱ አይቀየርም። ቲንክፓድ ተጠቃሚው ባዮስ እንዳይቀይር የሚከለክል ምርጫ አለው፤ ወደ አሮጌ ባዮስ መመለስንም መከልከል ይችላል። ዴል ወደ አሮጌ ባዮስ መመለስን የሚፈቅድ ምርጫ አለው፤ አጥፉት። እነዚህን ዘግታችሁ አፕዴት ስትፈልጉ ብቻ ክፈቱ።

ዊንዶውስ ላይ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ገብታችሁ «ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ተመልከቱ። እዚያ «ኮር አይሶሌሽን» ስር ያለውን «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» አብሩት። ችግር ያለባቸው ድራይቨሮች ወደ ሲስተሙ ልብ እንዳይገቡ ይረዳል። ሊነክስ ላይ ኖም የተባለው ዴስክቶፕ 43 ወይም ከዚያ በኋላ ያለው ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ የዲቫይስ ሴኪዩሪቲ ገጽ አለ። የባዮሱ ቺፕ ከመጻፍ መዘጋት አለመዘጋቱን በግልጽ ይናገራል። ለእኔ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ሊነክስ ባትጠቀሙም ከፍላሽ አስነስታችሁ፣ ሳትጭኑት፣ ማየት ትችላላችሁ።

ሴኪዩር ቡትን ካበራሁ አይበቃም?

አይበቃም፤ ግን አብሩት። ሴኪዩር ቡት በር ላይ ቆሞ መታወቂያ እንደሚያይ ዘበኛ ነው። ሲስተም ሲነሳ ፊርማ ያለው መሆኑን ያያል፤ ከሌለው አያስገባም። ከገባ በኋላ ውስጥ ምን እንደሚሰራ ግን አይከታተልም። የኡቡንቱ 17.10 ድራይቨር ፊርማ ባለው ሲስተም ውስጥ ነበር የመጣው። ስለዚህ ሴኪዩር ቡት ያልታወቀ ነገር እንዳይነሳ ይከላከላል፤ ቺፑን ከመጻፍ የሚከላከለው ከላይ ያነሳነው መዝጊያ ነው።

አንድ ወቅታዊ ነገር ልጨምር። በ2011 የወጡት የማይክሮሶፍት የሴኪዩር ቡት ሰርተፍኬቶች ከጁን 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል። አዲሶቹን ወደ ባዮሱ የሚያስገባው የዊንዶውስ አፕዴት ነው። አፕዴት ለዓመታት ዘግታችሁ የቆያችሁ ሰዎች ይህን ስታስቡ ክፈቱት።

ባዮስ ላይ ፓስወርድ ላድርግ?

ላፕቶፑን ብዙ ሰው የሚነካው ከሆነ አድርጉ። ሌላ ሰው ገብቶ መዝጊያዎቹን እንዳይከፍት ያደርጋል። ግን ወረቀት ላይ ጻፉትና ከላፕቶፑ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የቢሮ ላፕቶፕ የባዮስ ፓስወርድ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ማዘርቦርድ እስከ መቀየር ያደርሳል።

ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «ፈርምዌር» የሚል መጣልኝ። ልጫነው?

ብዙውን ጊዜ አዎ። በዚህ መንገድ የሚመጣው አምራቹ የፈረመበትና ለእናንተ ሞዴል የተመረጠ ነው። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ወይም ከቴሌግራም ቻናል ከወረደ የባዮስ ፋይል በብዙ ይሻላል። የባዮስ አፕዴት የደህንነት ቀዳዳ ይደፍናል። ለምሳሌ በ2023 መጨረሻ ሎጎፌይል የተባለ ችግር ይፋ ሆነ። ሲነሳ የሚታየውን አርማ በመቀየር ብቻ ባዮሱ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር። የተደፈነው በባዮስ አፕዴት ነው።

ከመጫናችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የበራ ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን አግኙና ጻፉት፤ ቢትሎከሩንም ለጊዜው ሰስፔንድ አድርጉት። ባዮስ ሲቀየር ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ቢትሎከር መብራቱንም አያውቅም። ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቅማችሁ ከሆነ ቁልፉ ብዙ ጊዜ አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። ነገ ፈተና ወይም የመመረቂያ ጽሁፍ ማስረከቢያ ካላችሁ አፕዴቱን ዛሬ ማታ አትጀምሩት።

አፕዴቱ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

እዚህ ከተማ ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈራው ይሄንን ነው፤ መፍራቱም ልክ ነው። ቺፑ ላይ የነበረው ተፍቆ አዲሱ ተጽፎ ሳያልቅ ኃይል ከተቋረጠ፣ የሚቀረው ግማሽ ፕሮግራም ነው። ግማሽ ፕሮግራም ኮምፒውተር አያስነሳም። አንዳንድ ላፕቶፖችና ማዘርቦርዶች መጠባበቂያ ኮፒ ይይዛሉ። ርካሾቹና የቆዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም።

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው በትክክል የሚሰራ፣ የሞላ ይሁን፤ ቻርጀሩም ይሰካ። ሁለቱም። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሰራ ላፕቶፕ ላይ የባዮስ አፕዴት አይሞከርም፤ መጀመሪያ ባትሪ ይቀየርለታል። ብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ዝቅ ካለ አፕዴቱን እምቢ ይላሉ። ይህን እምቢታ በዘዴ ማለፍ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። እባካችሁ አትከተሏቸው። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ የሚሰራ ዩፒኤስ ማለቴ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቶ እንደ ዲቫይደር ብቻ የሚያገለግል ዩፒኤስ በየቢሮው አለ። ከአፕዴቱ በፊት ከግድግዳው ንቀሉትና ኮምፒውተሩን ሩብ ሰዓት ያህል መያዙን እዩ።

ሰዓትም ምረጡ። በክረምት ከጣና በኩል ደመናው ሲከብድና ነጎድጓድ ሲጀምር አፕዴት አይጀመርም። ማለዳ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መብራቱም ተረጋግቶ ሲያድር ይሻላል። አፕዴቱ ከተጀመረ በኋላ ስክሪኑ ቢጠቁር፣ ፋኑ ቢጮህ፣ ደጋግሞ ሪስታርት ቢያደርግ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ፓወር ቁልፉን አትንኩ። ትዕግስት አጥቶ ማጥፋት ከመብራት መሄድ እኩል ይገድላል።

ክራክ፣ አክቲቬተርና «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚጭን ፕሮግራም ባዮስ ይጎዳል?

ሊጎዳ ይችላል። እነዚህ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ አድሚን አድርጉኝ፣ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ። ሁለቱን ከፈቀዳችሁ በኋላ ሲስተሙ ውስጥ የሚቀረው መከላከያ ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቆመው የባዮሱ መዝጊያ ብቻ ነው። እሱም በሁሉም ኮምፒውተር ላይ በደንብ አልተሰራም።

ይህ ግምት አይደለም። በ2018 ኢሴት የተባለው የደህንነት ድርጅት ሎጃክስ የተሰኘ ክፉ ሶፍትዌር አገኘ። ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሰራ የተያዘ የመጀመሪያው የዩኢኤፍአይ ሩትኪት (ባዮሱ ውስጥ ራሱን የሚደብቅ ክፉ ፕሮግራም) ነው። ቺፑን ለማንበብና ለመጻፍ የተጠቀመው ለሌላ ዓላማ የተሰራ፣ ፊርማ ያለው ሕጋዊ ድራይቨር ነበር። መዝጊያው በደንብ ያልተሰራ ኮምፒውተር ሲያገኝ ባዮሱ ውስጥ ራሱን ይጽፋል። ዊንዶውስ እንደገና ብትጭኑ አይጠፋም። ዲስኩን አውጥታችሁ ብትጥሉም አይጠፋም። ሎጃክስ የመንግስት መስሪያ ቤቶችን ነበር ያነጣጠረው። መንገዱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

የዊንዶውስ ላይሰንስ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ላይሰንስ መግዛት ካልቻላችሁ አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ከክራክ ይሻላል። አንዳንድ የመልክ ሴቲንግ ይከለክላችኋል፤ ስራችሁን ግን ይሰራል። ድራይቨርም ከአምራቹ ገጽ አውርዱ።

ከዊንዶውስ ጎን ሊነክስ ልጭን ነው። ምን ልጠንቀቅ?

በዚህ በኩል የሚጠይቁኝ በአብዛኛው የኮምፒውተር ሳይንስና የሶፍትዌር ተማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ የምላቸው አዲስና ድጋፉ ያላለቀ ሲስተም ምረጡ ነው። በግቢ ውስጥ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ አሮጌ ኮፒ አትጫኑ። ያ ችግር ያለበት ኡቡንቱ 17.10 ከማውረጃው ቢነሳም፣ ኮፒው አንድ ሰው ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የሊነክስ ከርነል ከ4.5 ጀምሮ የባዮስ ማስታወሻዎችን በቀላሉ እንዳይጠፉ አድርጎ ቆልፏቸዋል። የማስታወሻው ቦታም ጥግ ድረስ እንዲሞላ አይፈቅድም። አዲስ ሲስተም ስትመርጡ እነዚህ ሁሉ አብረው ይመጡላችኋል።

ሁለተኛ፣ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ትዕዛዝ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው የሊነክስ አድሚን) ሆናችሁ ከመስጠታችሁ በፊት አንብቡት። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ትዕዛዝ «ቀልድ» ብለው የሚልኩ ሰዎች አሉ። ፍላሽሮም የተባለውን የባዮስ መጻፊያ ፕሮግራምም ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ አትጠቀሙ። ላፕቶፕ ላይ ኪቦርዱንና ባትሪውን የሚቆጣጠረው ቺፕ ከባዮሱ ጋር አንድ ቦታ ሊጋራ ይችላል። ፕሮግራሙ ራሱ ላፕቶፕ ላይ ያስጠነቅቃል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ባዮሱን እንዴት ልመርምረው?

ሻጩ ፊት አብሩትና ባዮስ ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አትግዙ። የተሰረቀ ወይም ከድርጅት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም መዝጊያዎቹን መቼም ማስተካከል አትችሉም። ባዮሱ ላይ የሚታየውን ሲሪያል ቁጥር ከላፕቶፑ ጀርባ ካለው ጋር አስተያዩ። ከተለያየ፣ ወይም ባዶ ከሆነ፣ ቺፑ ከሌላ ማሽን በመጣ ፋይል ተጽፎበታል፣ ወይም ማዘርቦርዱ ተቀይሯል ማለት ነው። ሴቲንግ አንድ ቀይሩና ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ መያዙን እዩ። ሰዓቱና ቀኑ ከዜሮ ከጀመረ ግን የሚያስፈልገው ምናልባት ባለ 3 ቮልት ትንሿ ክብ ባትሪ ብቻ ናት።

ከገዛችሁ በኋላ የመጨረሻውን የባዮስ አፕዴት ከአምራቹ ጫኑ። አንዳንድ ላፕቶፖች ከስሊፕ ሲነቁ የባዮሱን መዝጊያ መልሰው ሳይዘጉ እንደሚቀሩ በ2015 ታውቋል። ተነስቶ ሲሰራ የተዘጋ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ግን ክፍት ይሆናል ማለት ነው። ያገለገሉ ሆነው የሚመጡ ብዙ ላፕቶፖች የዚያ ዘመን ስሪት ናቸው። የባዮስ አፕዴት አድርጎላቸው የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አስር ኮምፒውተር በስንት ሰው እጅ ይነካል። ምን ላድርግ?

ደንበኛ የሚጠቀምበት አካውንት አድሚን አይሁን። ይህ ብቻውን ከላይ ያልነውን አብዛኛውን አደጋ ይቀንሳል። ባዮስ ላይ ፓስወርድ አድርጉ፤ ከፍላሽ መነሳትንም ዝጉ። አፕዴት ሲመጣ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ ጥቂት ቀን አይታችሁ ለሌሎቹ አድርጉ። አስሩን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አትጨርሱ።

ተበላሸ፤ አርማው እንኳን አይመጣም። አልቆለታል ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አላለቀም። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ፓወር ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫኑና እንደገና ሞክሩ። ካልሆነ የአምራቹን ማዳኛ ሞክሩ። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ይዛችሁ ቻርጀሩን ስትሰኩ የባዮስ ማዳኛ ይመጣል። ኤችፒ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና የእንግሊዝኛውን ቢ (B) ፊደል ይዛችሁ ፓወር ትጫናላችሁ። የማዳኛውን ፍላሽ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቀድማችሁ ማዘጋጀት ሊያስፈልግ ይችላል። አንዳንድ የአሱስና የኤምኤስአይ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር ባይኖርባቸውም ከፍላሽ ባዮስ የሚጽፍ ቁልፍ ከኋላ አላቸው። ከዘጌ ወይም ከጎርጎራ ለጥገና ባህር ዳር ድረስ ከመምጣታችሁ በፊት እነዚህን ቤት ሆናችሁ ሞክሩ።

ጥገና ቤት «ቺፑን አውጥቼ ባዮስ እጽፍበታለሁ» አሉኝ። ልፍቀድ?

ስራው የታወቀና ትክክለኛ ነው። ብዙውን ጊዜ ባለ 8 እግር የሆነው ቺፕ ላይ ክሊፕ ያደርጋሉ ወይም ይፈቱታል። ከዚያ ፕሮግራመር በሚባል ትንሽ መሳሪያ ይጽፉበታል። እዚህ ርካሹ ሲኤች 341 ኤ ነው በብዛት የሚታየው። ከመፍቀዳችሁ በፊት የቺፑን ቮልት አይተው እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ በ3.3 ቮልት፣ አዳዲሱ ደግሞ በ1.8 ቮልት ነው የሚሰራው። የ1.8ቱ ቺፕ በ3.3 ከተነካ ሊቃጠል ይችላል፤ አስማሚ ያስፈልገዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የሚጽፉት ፋይል ከየት መጣ የሚለው ነው። ከሌላ ላፕቶፕ የተቀዳ ፋይል እንዳለ ከተጻፈ ላፕቶፑ ሊነሳ ይችላል። ግን የሌላ ሰው ሲሪያል ቁጥር፣ የሌላ ሰው የዊንዶውስ ላይሰንስ፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ፓስወርድ ይዞ ነው የሚነሳው። የናንተ የነበረው ጠፍቷል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም ሪከቨሪ ቁልፉ ከሌላችሁ ፋይላችሁን አታገኙትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የተበላሸውን ቺፕ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ሁለቱ ንባብ አንድ አይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ክሊፑ በደንብ አልያዘም። ያንን ፋይል ለእናንተም በፍላሽ ይስጧችሁ። ቀጥሎ የፕሮግራሙን ክፍል ብቻ ከአምራቹ ንጹህ ፋይል ይውሰዱ፤ ሲሪያሉና ላይሰንሱ ያለበትን ክፍል ከራሳችሁ ከተነበበው ይመልሱበት። ጎበዝ ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ ስትጠይቁትም ደስ ይለዋል። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ፋይሉ እኔ ጋ አለ» ብሎ ከመለሰላችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። አስቀድማችሁ ደግሞ፣ ላፕቶፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ የባዮሱን ቨርዥንና የቢትሎከር ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።